አንድ ኩባያ አተር ስንት ይመዝናል

ቁንጫ «ቲማቲም፣ አንድ ኩባያ፣ ሁለት መቶ አርባ ግራም» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶዋን ነክሳ በመስኮት ወደ ታች አየች። ሬዲዮ መጥታለች። ደረጃው ስር ቆማ፣ ያቺን አዲሷን ቢጫ ጃኬት ለብሳ፣ ሁለት እጇን እያወናጨፈች ነይ ነይ ትላለች። የዳንሱን ቪዲዮ የሚቀርጹት ልጆች ደርሰዋል ማለት ነው። በቃ፣ የቁንጫ ልብ ከእግሯ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ።

ቁንጫ የቤት ስሟ ነው። ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት፣ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ስለማይሆንላት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እቤት ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራት ሰው የለም። ሬዲዮ ደግሞ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ለምን ሬዲዮ እንደተባለች ለማወቅ አምስት ደቂቃ አብሯት መቀመጥ ይበቃል።

ጠረጴዛው ላይ አራት ቆርቆሮ ተደርድሯል። የታሸገ የተፈጨ ቲማቲም፣ አተር፣ በቆሎ፣ ፎሶሊያ። የተከፈተው ቲማቲሙ ብቻ ነው። አጠገባቸው ማጥለያ አለ፣ መስመር መስመር ያለው የፕላስቲክ መለኪያ ኩባያ አለ፣ ደሞ ምድር ቤት ካለው ኬክ ቤት «እስከ ማታ ብቻ» ተብሎ የተለመነ ሚዛን አለ። ይሄ ሁሉ ዝግጅት ለአንድ ሾርባ ነው። ግን ሾርባው የእታለም ነው፣ የእታለም ከሆነ ደሞ ተራ ሾርባ አይደለም።

እታለም የምትላት እህቷን ነው። እታለም አንዲት ጠባብ ቁርስ ቤት ውስጥ ከንጋት ጀምሮ እንቁላል ትጠብሳለች። ስትመለስ ፀጉሯ ዘይት ዘይት ይላል። እጇ ግን ሌላ ነው በቃ፤ ከምንም ነገር ምግብ ታወጣለች። የምትለካው በኩባያ ነው። ስምንት ኩባያ ከዚህ፣ ሦስት ኩባያ ከዛ፣ ትቀምሳለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ አለቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ነገር ደሞ ሰኞ ነው። ትልቁ ሆቴል ረዳት አብሳይ ሊቀጥር ፈተና አውጥቷል።

የፈተናው ሕግ ግን ጉድ ነው። የሚሠራው ከታሸገ አትክልት ነው፣ ምክንያቱም ሆቴሉ ትኩሱ በማይገኝበት ወራት የሚያበስለው በሱ ነው። ተፈታኟ የምትፈልገውን ሁሉ በግራም ጽፋ ቅዳሜ ታስገባለች። የመጋዘኑ ሠራተኛ የቆርቆሮውን ውሃ አንጠፍጥፎ፣ በጻፈችው ልክ መዝኖ ያመጣላታል። የመጣው በሙሉ ድስት ውስጥ መግባት አለበት። መቀነስ የለም፣ መጨመር የለም፣ ውሃው ራሱ ተለክቶ ነው የሚሰጣት። ኩባያ ብላ ከጻፈች ደሞ ወረቀቷን የሚያይላት የለም።

እታለም ቁጥር ስታይ ላብ ያጠምቃታል። ለዛ ነው ቁንጫ ያለችው፣ በሒሳብ ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣችው ቁንጫ። እታለም ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ሦስት ጊዜ ነገረቻት። አራቱንም ክፈቺ፣ ውሃቸውን በደንብ አንጠፍጥፊ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ኩባያ ሙሉ ሰፍረሽ መዝኚ፣ ከዛ አባዢው። ወጥታ ደሞ ከበር ተመለሰችና አንዱንም እንዳትዘይ አለቻት።

ቁንጫ አንዱን መዘነች። ከዛ ሬዲዮ መጣች።

እስቲ ይታሰብ፣ አለች በሆዷ። ኩባያው ያው ኩባያ ነው። ቲማቲም ሲሞላው ሁለት መቶ አርባ ከሆነ፣ አተር ሲሞላው ምን ሌላ ሊሆን ነው? ሙሉ ያው ሙሉ ነው። ይሄን ስታስብ በጣም ብልህ የሆነች መሰላት፣ ሃያ ደቂቃ በነፃ ያገኘች መሰላት። አተር ስምንት ኩባያ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ። በቆሎ ስድስት ኩባያ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ። ፎሶሊያ አራት ኩባያ፣ ዘጠኝ መቶ ስልሳ። ቲማቲም ሦስት፣ ሰባት መቶ ሃያ። ማባዛቱን ሁለቴ አየችው፤ አንድ ስህተት የለበትም። ሦስቱን ያልተከፈቱ ቆርቆሮዎች አልጋዋ ስር ከድሮ ደብተሮቿ ጀርባ ገፋ ገፋ አደረገቻቸው። እስከ ታች ድረስ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ቪዲዮው ደሞ እንዴት አምሮ ወጣ መሰላችሁ። እስከ ምሽት ድረስ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አይቶታል።

አመሻሽ ላይ እታለም መጣች። ሳትቀመጥ ወረቀቱን አነሳችው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ከዛ ያቺን የምታምር ጽሑፏን በዝግታ እየጻፈች ወደ ሆቴሉ ቅጽ ገለበጠችው። መጨረሻ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች። እዛ ጋ የታተመ አንድ መስመር አለ፤ ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ ይላል። ጎኑ ላይ የፊርማ ቦታ አለው።

«ሁሉንም መዘንሽ አይደል?» አለች።

«አዎ በቃ፣ አትጨቅጭቂኝ» አለች ቁንጫ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ። ልክ ያኔ አንድ መቶ አሥራ አንደኛው ሰው ቪዲዮው ላይ የልብ ምልክት አድርጎላት ነበር።

እታለም ፈረመች። ከዛ መጥታ ግንባሯን ሳመቻት፣ ሆቴሉ ከገባሁ የመጀመሪያው ቀን ከኋላ በር አስገብቼ ኪችኑን አሳይሻለሁ አለቻት።

ሰኞ እማዬ የስፌት መኪናዋን አቁማ ነበር የጠበቀችው። እማዬ የሰው መጋረጃ እቤት ውስጥ ትሰፋለች፤ መኪናዋ ቀን ቀን ዝም የሚለው ሰው ሲታመም ብቻ ነው። ቁንጫም ከትምህርት ቤት ሮጣ መጥታ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ነበረች። እታለም ገባች፣ ማንንም ሳታይ ወደ ቧንቧው ሄዳ እጇን መታጠብ ጀመረች። ታጠበች፣ ታጠበች፣ ንጹሕ እጅ ያን ያህል አይታጠቡትም።

«ማንኪያው ቆመ» አለች በመጨረሻ።

የቀረውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ነገረቻቸው። የመጣላትን አትክልት ስታይ ብዙ መስሏታል፣ ግን በግራም አይታው ስለማታውቅ ይሄም ሆቴሉ የሚመዝንበት መንገድ ነው ብላ ሁሉንም ጨመረች። አተሩን ፈጭታ ስትመልሰው ድስቱ ጭቃ ሆነ። ውሃ መጨመር አይቻልም። ሼፏ፣ ረጅም ሴትዮ ናት፣ መነጽር በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ መጥታ ማንኪያ ድስቱ መሀል ሰካችና እጇን አነሳች። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ። አጠገቧ ያሉት ተፈታኞች ሳቁ። አንዱ ለግንብ ሥራ ነው የመጣሽው ብሎ ጠየቃት። ሼፏ አልሳቀችም። «እጅሽ መጠን አያውቅም» ብላት ወደሚቀጥለው ድስት አለፈች።

እማዬ ምናልባት ሒሳቡ ላይ የተሳሳተ ነገር ይኖር ይሆን ብላ ጀመረች።

«ሒሳቡማ ልክ ነው» አለች እታለም። «ቁንጫ ናት የሠራችው። እሳት አብዝቼበት ነው፣ ውሃውን አትንኜው ነው። እጄ ነው እማዬ። እጅ ያለኝ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት።»

ቁንጫ ውሃ ልጠጣ ብላ ሄደች። ውሃ አልጠጣችም።

ማክሰኞ እታለም እቤት ውስጥ ድስት አልነካችም። እማዬ ያበሰለችውን ስትበላ ጨው አነሰው እንዴ ብላ እማዬ ጠየቀቻት፤ እሷ ግን እኔ ምኑን አውቄ አለች። ቁርስ ቤት ውስጥም ባለቤቱን ለምና ወደ ሰሐን ማጠቢያው ተዛውራለች። እንቁላሉ ራሱ እጄ ላይ እየተቃጠለ ነው አለች፣ ደሞ ሳቅ ለማስመሰል ሞከረች፤ አንድ ልብስ እጥበት ቤት አንሶላ የሚያጥፍ ሰው ይፈልጋሉ ብላም ጠያይቃለች። አንሶላ ማጠፍ መጠን አይጠይቅም አለች።

ረቡዕ ቁንጫ ከትምህርት ቤት መጥታ አልጋዋ ስር ገባችና የደበቀቻቸውን ሦስት ቆርቆሮዎች አወጣች። እማዬ መጋረጃ ልታደርስ ወጥታለች። ሚዛኑን እንደገና ለመለመን ኬክ ቤት ስትሄድ፣ ኬክ ጋጋሪዋ፣ ሁሌ ዱቄት ቅንድቧ ላይ ያለ ሴትዮ፣ ደግሞ ምን ልትመዝኚ ነው ብላ ጠየቀቻት። ቁንጫ ሳታስበው አንድ ኩባያ ነገር ሁሉ እኩል ነው የሚመዝነው አይደል አለቻት። ኬክ ጋጋሪዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻት። ዱቄትና ስኳር በኩባያ እኩል ናቸው ብዬ ባምን ኖሮ፣ አለቻት፣ ኬኬን የሚገዛኝ ልደት ያለው ሰው ሳይሆን ግድግዳ የሚለስን ሰው ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁንጫ በሳቅ ትፈነዳ ነበር።

አተሩን ከፈተች። ውሃውን አንጠፈጠፈች። ኩባያውን እስከ አፉ ሞላችና ሚዛኑ ላይ ገለበጠችው። አንድ መቶ ሰባ።

እንደገና ሞላችው። አንድ መቶ ሰባ። ሚዛኑን በቡጢ መታ መታ አደረገችው። አንድ መቶ ሰባ። በቆሎው አንድ መቶ ስልሳ አምስት። ፎሶሊያው ደሞ ይባስ፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ቆሞ ኩባያው ሞላ ሲባል አንድ መቶ ሠላሳ አምስት ነው። አተሩን መልሳ ኩባያው ውስጥ ከተተችና ከቧንቧ ውሃ አንጠባጠበችበት። ኩባያው ሙሉ ነበር አይደል? ውሃው ግን ይገባል። ይገባል፣ ይገባል፣ በአተሮቹ መሀል ባለው ባዶ ቦታ ሁሉ እየሾለከ ይገባል። ቲማቲሙ ተፈጭቶ እንደ ወፍራም ውሃ ጥጋጥጉን ሁሉ ስለሚሞላ ነው ሁለት መቶ አርባ የመጣው። አተር ግን ክብ ክብ ነው። የኩባያው ሲሶ አየር ነበር ማለት ይቻላል፤ እሷ ደሞ አየሩንም አተር ብላ ጽፋዋለች።

ደመረችው። እታለም ድስት ውስጥ የገባው ትርፍ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። እንኳን የእታለም እጅ፣ የማንም እጅ ያንን አያድነውም።

አተሩንም በቆሎውንም ፎሶሊያውንም ቆማ በማንኪያ በላችው፣ ቀዝቃዛውን፣ ያለ ጨው፣ እማዬ መጥታ እንዳታየው። ሆዷን አመማት። ጥሩ ነው አለች።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ለሬዲዮ ነገረቻት። ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ከዛ እንዳትነግሪያት አለች። እህትሽ ሰኞ ማታ ያለቀሰችውን ካየሽ በኋላ አንቺ ነሽ ያስለቀስሽኝ እንድትልሽ ነው? እብድ ነሽ? ከዛ ፊቷ በራ። ለእህትሽ ሳይሆን ለሼፏ ንገሪያት። ትሄጃለሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ትያለሽ፣ ትንሽ ታለቅሻለሽ፣ ትላልቅ ሰዎች ሐቀኛ ልጅ ሲያዩ እኮ ይቀልጣሉ። ሼፏ እንደገና ትፈትናታለች፣ እህትሽ ታልፋለች፣ አንቺም ሳትነኪ ትወጫለሽ። ጣጣ የለውም።

ቁንጫ ክንፍ ያወጣች መሰላት። እውነትም ጣጣ የለውም። እታለም ሆቴሉ በራሱ እንደገና የጠራት ሲመስላት፣ ደስ ሲላት፣ ነጭ ኮፍያ ስታደርግ ሁሉ ታያት። አልጋ ስር የነበሩትን ቆርቆሮዎች ደሞ ማንም መቼም አያውቅም። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም፤ ደወሉ ሲደወል ቀድማ በር ላይ ነበረች።

የሆቴሉ የኋላ በር የአትክልት ሳጥን የተደረደረበት ነው። ሬዲዮ ውጪ ቀረች። ቁንጫን አንድ ሰሐን የሚያመላልስ ሰውዬ እስከ ሼፏ ድረስ አደረሳት። ሼፏ ከኪችኑ ጥግ፣ ከመስታወት በስተጀርባ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ቁንጫ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ጀመረች። ቲማቲሙን፣ ኩባያውን፣ አተሩን፣ በመሀል ያለውን አየር፣ አንድ ኪሎ ተኩሉን። እህቷ ሁሉንም መዘንሽ ወይ ብላ እንደጠየቀቻትና እሷ እንደዋሸች፣ የእህቷ እጅ መጠን እንደሚያውቅ፣ በዓይኗ ብቻ እንደምታውቅ። ሬዲዮ ያለችው ለቅሶ ሳትጠራው መጣ።

«ጨረስሽ?» አለቻት ሼፏ።

ቁንጫ ራሷን ነቀነቀች።

ሼፏ መነጽሯን አደረገችና ከመሳቢያ አንድ ማህደር አወጣች። የእታለምን ወረቀት ቁንጫ ከሩቁ አወቀችው፤ ያቺ የምታምር ጽሑፍ።

«ይሄን አይቼዋለሁ» አለች ሼፏ። «እህትሽ ከሄደች በኋላ ነው ያየሁት። አራቱም ሁለት መቶ አርባ። እጇን የሰደብኩት ያለ ቦታው ነው፤ ይቺ ልጅ መመዘን ነው የማታውቀው አልኩ። ቢላዋ አያያዟ ጥሩ ነው፣ የሠራችበትን ቦታ አጽድታ ነው የሄደችው። መመዘን ደግሞ በሁለት ቀን የሚማሩት ነገር ነው። ስለዚህ በሁለት ወር ውስጥ ተመልሰው ከሚፈተኑት ጋር ጻፍኳት። ዛሬ ረፋድ ላይ ተደውሎላታል።»

ቁንጫ መጀመሪያ የሰማችው ይሄን ብቻ ነው። ተደውሎላታል። በቃ ሁሉም ነገር ራሱን በራሱ አስተካክሏል፤ ከደስታ ብዛት ሴትዮዋን ልታቅፋት ምንም አልቀራትም። ሼፏ ግን ወረቀቱን ወደሷ አዞረችና ጣቷን ከታች አሳረፈች።

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ቁንጫ አነበበች። ድምጿ ወደ መጨረሻው ጠፋ። ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ።

«ፊርማው የማን ነው?»

ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ትልቅ ድስት ክዳኑን እያንኳኳ ይፈላል።

«እዚህ በቀን አራት መቶ ሰው ይበላል» አለች ሼፏ። ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ቁጣ ቢኖረው ይሻል ነበር። «ሥጋው መቼ እንደገባ፣ ማቀዝቀዣው ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ሁሉንም ቆሜ ማየት አልችልም። ፊርማ አያለሁ፣ አምናለሁ። የማታውቀውን አስተምራታለሁ። ሌላ ሰው በሠራው ላይ የምትፈርመውን ግን ማስገባት አልችልም።»

ቁንጫ ለመነች። የዋሸሁት እኔ ነኝ አለች፣ እሷ መዝኛለሁ ስላልኳት ነው፣ እሷ ምንም አታውቅም። ሼፏ ጠበቀቻት። እህትሽ ሒሳቡን እሷ እንዳልሠራችው ታውቃለች አለቻት፣ ይሄን ለማወቅ አንቺ አታስፈልጊያትም። ከዛ ከግድግዳው ላይ ስም የተጻፈበት አንድ ወረቀት አወረደች፣ እስክሪብቶዋን አነሳች፣ አንዱን ስም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘችው።

«ባልመጣስ ኖሮ?» አለች ቁንጫ።

ሼፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። «ባትመጪ ኖሮ አላውቅም ነበር» አለቻት። ወረቀቱን መልሳ ሰቀለችው። «እኔ ልደውልላት ወይስ አንቺ ትነግሪያታለሽ? እስከ ነገ ቀትር እጠብቃለሁ።»

ቁንጫ እኔ እነግራታለሁ ያለች መሰላት። በእርግጥ ማለቷን ግን አታውቅም።

ሬዲዮ ሳጥን ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች ነበር። ፊቷን ስታይ ምንም አልጠየቀችም። ሁለት መንገድ ተሻገሩ። ቁንጫ ስትነግራት የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገች ሰማቻት። ይቅርታ አለች፣ እኔ ነኝ ሂጂ ያልኩሽ። ከዛ ደሞ በዝግታ፣ ሴትዮዋ ስምሽን ጠይቃሻለች ወይ አለቻት። ቁንጫ አልጠየቀችኝም አለች። እህት እንዳላት እንጂ ስሜን አታውቅም።

«እና ዝም በያ» አለች ሬዲዮ። «ነገ ራሷ ትደውላለች። ማን እንደነገራት ካላነሳች፣ ለእህትሽ ከሌሎቹ ተፈታኞች አንዱ ያወራባት ነው የሚመስላት። እውነቴን ነው፤ ተናገርሽ አልተናገርሽ ሆቴሉ እንደሆነ ቀርቷል። ምን ይጨምርላታል?»

ቁንጫ ቤት እስከምትደርስ አሰላችው። ምንም አይጨምርላትም። ለራሷም ምንም አይጨምርላትም። ደረጃው ስር ተለያዩ፣ ሬዲዮ ነገ ደውዪልኝ አለቻትና ሄደች።

ደረጃውን ስትወጣ ከላይ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል፣ እማዬ ደሞ እያንጎራጎረች ነው። በሩን ስትከፍት ሽንኩርት ሸተታት፣ በዘይት ቀስ ብሎ የሚበስል ሽንኩርት። ከሰኞ ወዲህ ቤቱ እንዲህ ሸቶ አያውቅም። እማዬ ከስፌቷ ሳትነሳ ሰማሽ ወይ አለቻት፤ ሆቴሉ ደውሎ እንደገና እንድትፈተን ጠራት። ልጄ እጅ የላትም ያለው ማነው አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

እታለም ምድጃው ጋ ናት። ሽርጥ አድርጋለች፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች። ቁንጫን ስታይ ፊቷ በሙሉ ሳቀ። ማማሰያውን እንደያዘች ወደ ጠረጴዛው አመለከተቻት፤ አዲስ ደብተር አለ፣ ገጹ በማስመሪያ ተሰምሮ አተር፣ በቆሎ፣ ፎሶሊያ፣ ቲማቲም ተብሎ ከላይ ተጽፎበታል። ከስሩ ባዶ ነው።

«ነይ ቁጭ በይ» አለቻት። «በዚህኛው እኔው ራሴ ነኝ የማሰላው። ያኔ ስፈርም ደስ አላለኝም፣ ታውቂያለሽ? ያንን ደግሜ አላደርገውም። እንዴት እንደሚባዛ አስተምሪኝ፣ ድንጋይ ራስ ነሽ ብትይኝም አልቀየምም።»

ቁንጫ ቦርሳዋን አላወረደችም። ነገ ቀትር ድረስ አንድ ምሽትና አንድ ጠዋት አለ። እታለም ዛሬ ደስ ብሏት ትብላ፣ ደስ ብሏት ትተኛ፣ ነገ ስልኩ ይጮሃል፣ እሷ ክፍል ውስጥ ትሆናለች፤ ይሄ ሁሉ ይቻላል። ሽንኩርቱ ወርቅማ እየሆነ ነው። እታለም ጎንበስ ብላ አሸተተችው፣ ዓይኗን ጨፈን አደረገች፣ ጨው በጣቷ ቆንጥራ ጣል አደረገችበት፣ ልክ ነበር መሰለኝ ራሷን ነቀነቀች።

«እታለም፣ ምድጃውን አጥፊው» አለች ቁንጫ።

«ለምን? ገና አልበሰለም እኮ።»

«አውቃለሁ። አጥፊውና እኔን እዪኝ።»

እታለም ፊቷን አየቻት። ማማሰያውን ድስቱ አፍ ላይ አስቀመጠች፣ እጇን ሽርጡ ላይ ጠረገች፣ ምድጃውን አጠፋችው።